ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፦ ሰዋስውን፣ አነባበብንና የዕለት አነጋገርን ደረጃ በደረጃ የማሻሻል መመሪያ

እንግሊዝኛ በሰሜን ወሎ ከትምህርት ቤት ግቢ ውጭ እምብዛም የማይሰማ፣ ነገር ግን የብዙ ወጣቶች የትምህርትና የሥራ ዕድል የሚወሰንበት ቋንቋ ነው። ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚያልፈው ዋና መንገድ ላይ፣ በሀብሩ ወረዳ በምትገኘው ሲሪንቃ አንድ ልጅ ቤት ውስጥም፣ ገበያም፣ ማሳ ላይም የሚሰማው አማርኛ ነው። በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ግን እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃና በከፍተኛ ትምህርት ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወስኗል። ስለዚህ ያው ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ባዮሎጂውንም ጂኦግራፊውንም የሚያነበው በእንግሊዝኛ ነው። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ቢደርሰው ሌክቸሩም ፈተናውም በዚሁ ቋንቋ ነው። በሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል በማሽላና በጤፍ ላይ የሚሠራ ተመራማሪም ውጤቱን ለዓለም አቀፍ መጽሔት የሚያቀርበው በእንግሊዝኛ ነው።

አማርኛ አፉን የፈታ ሰው በእንግሊዝኛ የሚሠራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ በዘፈቀደ የሚመጡ አይደሉም። ምንጫቸው የአማርኛ ሥርዓት ነው፤ አእምሮ በአማርኛ የለመደውን ድምፅ፣ የቃላት ቅደም ተከተልና አባባል ይዞ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል። ይህ ለተማሪው መልካም ዜና ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች የት የት ላይ እንደሚለያዩ ያወቀ ተማሪ ስህተቱ የት እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ያውቃል፤ ጊዜውንም በሚያስፈልገው ቦታ ላይ ብቻ ያውላል። የሚከተሉት ደረጃዎች የተዘጋጁት በዚህ መነሻ ነው።

በመመሪያው ውስጥ የእንግሊዝኛ ቃላት በፊደላችን የተጻፉት ለመጠቆም ያህል ነው። ትክክለኛው ድምፅ ከመዝገበ ቃላት ወይም ከድምፅ ቅጂ መሰማት አለበት። እንግሊዝኛን ሁልጊዜ በግዕዝ ፊደል ጽፎ የሚያጠና ተማሪ አማርኛ የማይለያቸውን ድምፆች መቼም ሳይለይ ይቀራል።

ደረጃ 1፦ መነሻን ማወቅ

የመጀመሪያው ሥራ ችሎታን መለካት ነው። ተማሪው ስልኩን ከፍቶ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ትምህርቱ ወይም ስለ ሥራው ለሁለት ደቂቃ ያህል ሳይዘጋጅ በእንግሊዝኛ ይናገርና ድምፁን ይቀዳል። ቀጥሎ በዚያው ርዕስ አንድ ገጽ ይጽፋል። ቅጂውና ጽሑፉ ቀን ተጽፎባቸው ይቀመጣሉ።

ከዚያ ቅጂው ሦስት ጊዜ ይደመጣል። በመጀመሪያው ድምፆች ብቻ፣ በሁለተኛው የግስ አጠቃቀም ብቻ፣ በሦስተኛው ደግሞ ንግግሩ የተቋረጠባቸውና ቃል የጠፋባቸው ቦታዎች ብቻ ይመዘገባሉ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ለማረም የሚሞክር ሰው ቶሎ ይሰለቻል፤ ለይቶ የሚያዳምጥ ግን ከሁሉ የሚደጋገሙትን አራት ወይም አምስት ስህተቶች ያገኛል። ልምምዱ የሚጀመረው ከእነዚያ ነው።

ደረጃ 2፦ አማርኛ የማይለያቸውን ድምፆች መለየት

ሀ. ምላስ በጥርስ መካከል። በእንግሊዝኛ «ቲ» እና «ኤች» ፊደላት ተከታትለው ሲጻፉ የሚወክሏቸው ሁለት ድምፆች በአማርኛ የሉም። ተማሪው «ማሰብ» የሚለውን ቃል «ሲንክ» ወይም «ቲንክ» ይለዋል፤ «ሲንክ» ግን መስጠም ማለት ነው። «ሦስት» የሚለውንም «ትሪ» ካለው ዛፍ ይሆንበታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የምላስ ጫፍ በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል በትንሹ ይወጣና አየር ይለቀቃል። ማንቁርት ሳይርገበገብ ሲቀር የ«ማሰብ» መነሻ ድምፅ ይሰማል፤ ሲርገበገብ ደግሞ «ይህ» እና «እናት» በሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ውስጥ ያለው ድምፅ ይሰማል። ልምምዱ በመስታወት ፊት ይደረጋል፤ ምላሱ ካልታየ ድምፁ አልወጣም ማለት ነው።

ለ. «ቭ» እና «ብ»፣ «ፕ» እና «ብ»። «ቨ» ወደ ፊደላችን የገባው ለባዕድ ቃላት ሲባል በመሆኑ ብዙ ሰው «ብ» ይለዋል። «ቭ» ሲነገር የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ይነካል፤ «ብ» ሲነገር ሁለቱም ከንፈሮች ይገጥማሉ። «ቮት» ድምፅ መስጠት ነው፤ «ቦት» ጀልባ ነው። «ፕ»ን ለመፈተሽ ቀጭን ወረቀት ከአፍ ፊት ይያዛል። እስክርቢቶ ማለት የሆነው «ፔን» ሲነገር ወረቀቱ መወዛወዝ አለበት፤ ጸጥ ካለ ድምፁ ወደ «ብ» ቀርቧል።

ሐ. አጭርና ረጅም አናባቢ። «መርከብ» እና «በግ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት በፊደላችን ሁለቱም «ሺፕ» ተብለው ይጻፋሉ። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። በ«መርከብ» ውስጥ ያለው አናባቢ አጭርና ላላ ያለ ነው፤ በአማርኛ «እ» እና «ኢ» መካከል ይወድቃል። በ«በግ» ውስጥ ያለው ረጅም ነው፤ ከንፈርም ወደ ጎን ይሳባል። «መኖር» እና «መሄድ»፣ «መሙላት» እና «መሰማት»፣ «ሙሉ» እና «ቂል» የሚሉት ጥንዶችም በዚሁ መንገድ ይለያሉ። ተማሪው በየቀኑ አምስት ጥንድ ቃላት ከመዝገበ ቃላት መተግበሪያ እየሰማ ይደግማል፤ ከዚያ ጓደኛው አንዱን ይናገርና የትኛው እንደሆነ በትርጉሙ ይመልሳል። ጆሮ ያልለየውን አፍ አይለየውምና መስማቱ መቅደም አለበት።

መ. የደከመው አናባቢ። በእንግሊዝኛ ከሁሉ የሚበዛው አናባቢ በመዝገበ ቃላት ውስጥ በተገለበጠች ትንሽ «ኢ» የሚታየው ደካማ ድምፅ ነው። እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ዕድለኛ ነው፤ ለዚህ ድምፅ በጣም የሚቀርበው የግዕዝ አናባቢ፣ ማለትም በ«በ»፣ በ«ነ»፣ በ«ከ» ላይ ያለው፣ በአፉ ውስጥ አለ። ችግሩ አለመጠቀሙ ነው። አማርኛ «ሙዝ»ን በባዕድ ስሙ ሲጽፈው «ባናና» ይላል፤ ሦስቱም «ኣ» እኩል ይነበባሉ። እንግሊዝኛው ግን ወደ «በናነ» ይቀርባል፤ መሐሉ ብቻ ሙሉ ነው፣ ዳርና ዳሩ ደክሟል። «ኮምፒውተር» ወደ «ከምፒውተ»፣ «አባውት» ወደ «ኧባውት» ይቀርባል። ይህን አንድ ድምፅ ማስተካከል ብቻ የንግግሩን መልክ በግልጽ ይለውጠዋል።

ደረጃ 3፦ የቃሉን ቅርጽ ማስተካከል

ሀ. አለማጥበቅ። በአማርኛ መጥበቅና መላላት ትርጉም ይለውጣል። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። ይህን ልማድ የያዘ ዓይን በእንግሊዝኛ ሁለት ፊደል ተደርቦ ሲያይ ያጠብቃል፤ «ደስተኛ»፣ «በጋ»፣ «ደብዳቤ» የሚሉትን ቃላት መሐላቸውን አጥብቆ ያነባል። በእንግሊዝኛ በአንድ ቃል ውስጥ የተደረበ ፊደል አይጠብቅም። «ሀፒ» ሲባል «ፒ» ላልቶ ይነገራል።

ለ. «እ»ን አለመጨመር። አማርኛ ተነባቢዎች ሲከታተሉ በፊታቸው ወይም በመካከላቸው «እ»ን ይከታል። ስለዚህ ትምህርት ቤት «እስኩል»፣ ጎዳና «እስትሪት» ይሆናል። ለማስተካከል «ስ» ብቻዋን እንደ እባብ ድምፅ ተስባ ትያዝና «ኩል» ይከተላታል። ከዚያ ስባው እያጠረ እያጠረ ይሄዳል።

ሐ. ጫና የሚያርፍበት ክፍለ ቃል። በአማርኛ ክፍለ ቃላት ከሞላ ጎደል በእኩል ጉልበት ይነገራሉ። በእንግሊዝኛ አንዱ ክፍለ ቃል ጎልቶ፣ ረዝሞና ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ሌሎቹ ይደክማሉ። ጫናው ሲዛወር ቃሉም ይለወጣል። «ሬኮርድ» ሲባል መዝገብ ወይም ክብረ ወሰን፣ «ሪኮርድ» ሲባል መቅዳት ነው። «ፕሬዘንት» ስጦታ ሲሆን «ፕሪዘንት» ማቅረብ ነው። በመዝገበ ቃላት ከፍ ብላ የምትጻፍ ትንሽ ቋሚ ሰረዝ ጫናው ያለበትን ክፍለ ቃል ቀድማ ትቀመጣለች። አዲስ ቃል ሲጻፍ ይህች ምልክት አብራ መጻፍ አለባት።

መ. የቃል መጨረሻ። ያለፈ ጊዜን የሚያመለክተው «ኢ» እና «ዲ» መጨረሻ ሦስት ድምፅ አለው። ማንቁርት በማያርገበግቡ እንደ «ክ»፣ «ፕ»፣ «ሽ» ባሉ ድምፆች ሲቀደም «ት» ይሆናል፤ «ዎርክት»፣ «ስቶፕት»፣ «ዋሽት»። በሚያርገበግቡ ድምፆች ወይም በአናባቢ ሲቀደም «ድ» ይሆናል፤ «ኮልድ»፣ «ፕለይድ»። «ኢድ» የሚባለው ከ«ት» እና ከ«ድ» ቀጥሎ ብቻ ነው፤ «ዎንቲድ»፣ «ኒዲድ»። የብዙ ቁጥር «ኤስ»ም እንዲሁ ነው፤ «ቡክስ»፣ «ዶግዝ»፣ «ቦክሲዝ»። እነዚህ ጥቃቅን ድምፆች ሲዋጡ ሰሚው ትናንትን ከዛሬ፣ አንድን ከብዙ መለየት ያቅተዋል።

ደረጃ 4፦ ዓረፍተ ነገሩን መገንባት

ሀ. ባለቤትን አለመርሳትና አለመድገም። የአማርኛ ግስ ባለቤቱን በውስጡ ይይዛል፤ «መጣ» ብሎ ዝም ማለት ይቻላል። እንግሊዝኛ ግን ባለቤት ተለይቶ ካልተጻፈ ዓረፍተ ነገሩን አያጸድቅም። «ዘነበ» ለማለት እንኳ «ኢት ሬይንድ» መባል አለበት። በተቃራኒው ስምና ተውላጠ ስም አብረው አይቆሙም፤ «ማይ ፋዘር ሂ ኢዝ» ስህተት ነው፣ «ማይ ፋዘር ኢዝ» ይበቃል። በአማርኛ ቁሳቁስ «እሱ» ወይም «እሷ» ይባላል፤ በእንግሊዝኛ መኪናውም ማሳውም «ኢት» ናቸው።

ለ. ቅደም ተከተል። በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ ከባለቤቱ ቀጥሎ ይቆማል። ገላጭ ሐረግም ቦታ ይለውጣል። «ትናንት የመጣው ሰው» ሲባል ገላጩ ይቀድማል፤ በእንግሊዝኛ ሰውየው ቀድሞ «ዘ ማን ሁ ኬም የስተርደይ» ይባላል። «የገዛሁት መጽሐፍ» ውስጥ ያለችው «ት» መጽሐፉን ስለምታመለክት ተማሪው በእንግሊዝኛም «ዘ ቡክ ዊች አይ ቦት ኢት» ይላል። የመጨረሻዋ «ኢት» መውጣት አለባት።

ሐ. ጥያቄ በዓረፍተ ነገር ውስጥ። «ዌር ኢዝ ሂ?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። «የት እንዳለ አላውቅም» ሲባል ግን ቅደም ተከተሉ ይመለሳል፤ «አይ ዶንት ኖው ዌር ሂ ኢዝ»።

መ. ጊዜ። «በልቻለሁ» ለሚለው ቅርጽ የሚቀርበው የእንግሊዝኛው ፕሬዘንት ፐርፌክት ነው። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው፦ በአማርኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ማለት ይቻላል፣ በእንግሊዝኛ ግን ይህ ቅርጽ ያለቀ ጊዜን ከሚጠቅስ ቃል ጋር አይሄድም። «ትናንት» ካለ «አይ ሶ ሂም የስተርደይ» ብቻ ነው። ሌላው ወጥመድ «ከአምስት ዓመት ጀምሮ እዚህ እየሠራሁ ነው» የሚለው ነው። ቃል በቃል ሲተረጎም ይበላሻል፤ ትክክሉ «አይ ሃቭ ቢን ዎርኪንግ ሂር ፎር ፋይቭ ይርስ» ነው። ርዝመት ሲጠቀስ «ፎር»፣ መነሻ ዓመት ሲጠቀስ «ሲንስ» ይገባል።

ሠ. አርቲክል። «ቤቱ» ወይም «ልጅቷ» ተብሎ የሚጠበቅበት ቦታ በእንግሊዝኛ አብዛኛውን ጊዜ «ዘ» ይጠይቃል፤ ይህ ጥሩ መነሻ ሕግ ነው። ችግሩ ያለው «ገበሬ ነው» በሚለው ዓይነት ነው፤ አማርኛ ምንም አይጨምርም፣ እንግሊዝኛ ግን «ሂ ኢዝ ኤ ፋርመር» ይላል። የሚቆጠር ነጠላ ስም ብቻውን መቆም እንደማይችል ማስታወስ ብዙ ስህተት ይቀንሳል። የማይቆጠሩት ደግሞ የብዙ ቁጥር «ኤስ» አይቀበሉም፦ መረጃ፣ ምክር፣ የቤት ዕቃ፣ የሥራ መሣሪያ። በምርምር ማዕከል አካባቢ የሚዘወተረው «ሪሰርችስ» የሚለውም በአብዛኛው «ሪሰርች» ተብሎ መጻፍ አለበት።

ረ. መስተዋድድ። የአማርኛ «በ» ብዙ ሥራ ይሠራል። «በመኪና» ሲባል «ባይ»፣ «በቢላ» ሲባል «ዊዝ»፣ «በጠዋት» ሲባል «ኢን»፣ «በሰኞ» ሲባል «ኦን»፣ «በሁለት ሰዓት» ሲባል «አት» ይሆናል። «ከ»ም እንዲሁ ነው፤ «ከመርሳ መጣ» ሲባል «ፍሮም»፣ «ከመርሳ ወልድያ ትበልጣለች» ሲባል «ዛን» ይገባል። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ለማለት «ዲስከስ» ብቻ ይበቃል፤ «አባውት» አይጨመርም። «አለኝ» የሚለው ግስ ተሳቢ ስለሚይዝ «ሂ ሴድ ሚ» ማለት ይቀናል፤ ትክክሉ «ሂ ቶልድ ሚ» ነው። መስተዋድድ ብቻውን አይጠናም፤ ከግሱ ወይም ከስሙ ጋር አንድ ላይ ይጻፋል፣ አንድ ላይ ይደገማል።

ደረጃ 5፦ የዕለት አነጋገርን ማስለመድ

ሰዋስዉ ያልተሳሳተ ዓረፍተ ነገርም እንግዳ ሊሆን ይችላል። በአማርኛ ሕመምና ስሜት ሰውየው ላይ ይደርሱበታል፤ «ራሴን አመመኝ»፣ «ጉንፋን ያዘኝ»፣ «ራበኝ»። በእንግሊዝኛ ሰውየው ባለቤት ይሆናል፤ «አይ ሃቭ ኤ ሄዴክ»፣ «አይ ሃቭ ኤ ኮልድ»፣ «አይ አም ሀንግሪ»። «ናፈቅኸኝ» ሲባል የግሱ ባለቤት የተናፈቀው ሰው ነው፤ እንግሊዝኛው ግን «አይ ሚስ ዩ» ብሎ ናፋቂውን ባለቤት ያደርገዋል።

ለአሉታዊ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ብዙ ሰው ያሳስታል። «ምሳ አልበላህም?» ሲባል አማርኛ ተናጋሪ «አዎ፣ አልበላሁም» ይላል። በእንግሊዝኛ ግን ያልበላ ሰው መልሱ «ኖ፣ አይ ሃቭንት» ነው። በቃለ መጠይቅ ወይም በሐኪም ፊት «የስ» ማለት ትርጉሙን ይገለብጠዋል። «አይደል?» የሚለውም በሁሉም ቦታ «ኢዝንት ኢት» አይሆንም፤ ከፊት ያለውን ግስ ይከተላል። «ዩ ሊቭ ኢን መርሳ፣ ዶንት ዩ?» ይባላል።

የአክብሮት መግለጫ ቦታው ይለያያል። አማርኛ «አንተ» እና «እርስዎ» ብሎ ያከብራል። እንግሊዝኛ «ዩ» ብቻ ስላለው አክብሮቱን በአጠያየቅ ይገልጻል። «ጊቭ ሚ ዎተር፣ ፕሊዝ» ከትእዛዝ አይርቅም፤ «ኩድ አይ ሃቭ ሰም ዎተር፣ ፕሊዝ?» ግን የጨዋ ልመና ነው። መምህርን «ቲቸር» ብሎ መጥራት በብዙ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች አልተለመደም፤ «ሚስተር» ወይም «ሚዝ» ከቤተሰብ ስም ጋር ይባላል። ኢትዮጵያዊ ስም ግን የራስና የአባት ስም በመሆኑ የራስን ስም ተከትሎ ቢጠራ ምንም አያሳፍርም፤ ለውጭ ሰው አንድ ጊዜ ማስረዳት ይበቃል።

ሰዓትና ቀን ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የእኛ ሰዓት ከጎህ ይጀምራል፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በእንግሊዝኛ 8 ነው። ስድስት መደመር ወይም መቀነስ በእጅ ላይ ባለ ሰዓት ሳይሆን በቃል መለመድ አለበት። ዓመተ ምሕረትም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ሲደመርበት የጎርጎርዮሱን ዓመት ይሰጣል። ማመልከቻ ላይ የልደት ቀን ሲሞላ ይህ ልዩነት መጣራት አለበት።

ወደ አማርኛ የገቡ ቃላትም ያሳስታሉ። «ሃይላንድ» የአንድ ምርት ስም ነበር፤ እንግሊዝኛው የታሸገ ውኃ ነው የሚለው። «ሞተር» ለሁለት እግሩ ተሽከርካሪ «ሞተርሳይክል»፣ «ፍላሽ» «ፍላሽ ድራይቭ» ይባላሉ፤ «ሲስተር» ስትባል ነርስ መሆኗ በሁሉም አገር አይታወቅም። «ካልሲ»፣ «ቦርሳ»፣ «ፌርማታ» ደግሞ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ማንም አያውቃቸውም።

ደረጃ 6፦ ቃላትን ማብዛት

እንግሊዛዊው መምህር ማይክል ዌስት በ1953 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዝርዝር ለተማሪ እጅግ ጠቃሚ ያላቸውን 2,000 ገደማ ቃላት ሰብስቧል። መነሻው እነዚህን መሰል መሠረታዊ ቃላት ጠንቅቆ መያዝ ነው። ከዚያ በኋላ የሙያ ቃላት ይታከላሉ፤ የግብርና ተማሪ ስለ ማሽላ፣ ስለ ጤፍ፣ ስለ አቀንጭራ፣ ስለ እርጥበትና ስለ አፈር የሚነገረውን በእንግሊዝኛ ይሰበስባል። ከሚያውቀው ማሳ የተነሳ ቃል ከባዕድ ታሪክ ከተለቀመ ቃል ይልቅ በቀላሉ ይያዛል።

እያንዳንዱ ቃል በአንድ ካርድ ላይ ይጻፋል፦ ቃሉ፣ የጫና ምልክቱ፣ አብሮት የሚሄደው መስተዋድድ፣ ከራስ ሕይወት የተወሰደ አንድ ዓረፍተ ነገር። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ የተማርነው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ውስጥ በፍጥነት ይረሳል። ስለዚህ ካርዱ በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላና ከወር በኋላ ተመልሶ ይታያል።

ደረጃ 7፦ መጻፍና ማረም

ተማሪው በየቀኑ ስድስት ያህል ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። በማግስቱ በአዲስ ዓይን አንድ በአንድ ያርማል። ለምሳሌ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስለ አባቱ እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦

«ማይ ፋዘር ሂ ኢዝ ፋርመር። ሂ ሊቭ ኢን ሲሪንቃ። ሂ ኢዝ ፋርሚንግ ሲንስ ትወንቲ ይርስ። ላስት ይር ሂ ሃዝ ፕላንቲድ ሶርገም። ዘ ሶርገም ዊች ሂ ፕላንቲድ ኢት ዎዝ ዳሜጅድ ባይ ስትራይጋ። ኤክስፐርት ሴድ ሂም ሜኒ አድቫይስስ።»

መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ስህተቶቹ ግን አብዛኞቹ ከላይ የተዘረዘሩት ናቸው። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ሂ» ትወጣለች፣ «ኤ» ትገባለች፤ «ማይ ፋዘር ኢዝ ኤ ፋርመር»። በሁለተኛው ባለቤቱ ሦስተኛ መደብ ነጠላ ስለሆነ ግሱ መጨረሻው ላይ «ኤስ» ይጨምራል፤ «ሂ ሊቭዝ»። በሦስተኛው ርዝመት ስለተጠቀሰ «ሂ ሃዝ ቢን ፋርሚንግ ፎር ትወንቲ ይርስ» ይሆናል። በአራተኛው «ላስት ይር» ያለቀ ጊዜ ስለሆነ «ሃዝ» ይወጣል። በአምስተኛው የተደገመችው «ኢት» ትሰረዛለች። በስድስተኛው ባለሙያው ገና አሁን ስለተጠቀሰ «አን» ይቀድመዋል፤ ምክር አይቆጠርም፣ በእንግሊዝኛም አይባልም፣ ይሰጣል፤ «አን ኤክስፐርት ጌቭ ሂም ኤ ሎት ኦፍ አድቫይስ»።

ስህተቱ ከታረመ በኋላ የተስተካከለው ጽሑፍ ከመጀመሪያው እንደገና ይገለበጣል፤ ከዚያም ድምፅ ወጥቶ ይነበባል። ጉግል ትርጉም ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛን ያካተተ ቢሆንም፣ ሙሉ ጽሑፍ በእርሱ አስተርጉሞ ማቅረብ ተማሪውን ከልምምዱ ያስቀረዋል። የሚጠቅመው ራስ ጽፎ ከጨረሱ በኋላ አንድን ሐረግ ለማመሳከር ነው።

ደረጃ 8፦ መሣሪያና የዕለት ፕሮግራም

ለሰዋስው ሬይመንድ መርፊ ያዘጋጀውና በ1985 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው «ኢንግሊሽ ግራመር ኢን ዩዝ» ለመካከለኛ ተማሪ ተመራጭ ነው፤ በአንድ ገጽ ማብራሪያ፣ በፊት ለፊቱ ገጽ ልምምድ አለው። ለጀማሪ «ኢሴንሺያል ግራመር ኢን ዩዝ» የተባለው ይቀላል። ለትርጉም ዶክተር አምሳሉ አክሊሉና ጂ. ፒ. ሞዝባክ ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ያገለግላል። ቮልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ደግሞ ቃላቱን በዓረፍተ ነገር ውስጥ ስለሚያሳይ ለአጠቃቀም ይረዳል። ለመስማት የቢቢሲ «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» አጭርና ጽሑፍ ያለው ዝግጅት ነው። የብሪቲሽ ካውንስል የመማሪያ ድረ ገጽም በነፃ ይገኛል። ለንባብ በ1935 ዓ.ም መታተም የጀመረው «ዘ ኢትዮጵያን ሄራልድ» ይመቻል፤ ስለሚታወቅ ጉዳይ የሚጻፍ በመሆኑ ያልታወቀ ቃል እንኳ ከይዘቱ ይገመታል። ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት አካባቢ የድምፅ ዝግጅቶቹን ወልድያ ወይም መርሳ ላይ አውርዶ በስልክ መያዝ ይሻላል።

በቀን አርባ ደቂቃ ይበቃል። አሥሩ ደቂቃ ለመስማት፣ አሥሩ ድምፅን ተከትሎ ለመድገም፣ አሥሩ ለሰዋስው፣ አሥሩ ለመጻፍ ይውላል። ድምፅን ተከትሎ መድገም ማለት የተናጋሪውን አንድ ዓረፍተ ነገር ሰምቶ፣ ጫናውንና ዜማውን ሳይቀር በዚያው ፍጥነት መናገር ነው። የተደጋገመው ክፍል በስልክ ተቀድቶ ከዋናው ጋር ይነጻጸራል። በሳምንት አንድ ቀን ካርዶቹና የታረሙት ጽሑፎች ይከለሳሉ። ቅዳሜ ብቻ ለአምስት ሰዓት ማጥናት በየቀኑ ከሚደረግ አርባ ደቂቃ ያነሰ ፍሬ ይሰጣል።

ንግግር ሰው ይፈልጋል። በየትምህርት ቤቱ ያለ የእንግሊዝኛ ክበብ፣ ለዕረፍት የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የመንደር ጓደኛ ሁሉ ያገለግላሉ። ሁለት ተማሪዎች ለአሥራ አምስት ደቂቃ በእንግሊዝኛ ብቻ ለመነጋገር ይስማማሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጠውም፣ በመጨረሻ ግን ሦስት ስህተት ብቻ ይነግረዋል። ሲሳሳት የሚሳቅበት ተማሪ ዝም ይላል፤ ዝም ያለ ደግሞ አይማርም። ክበቡ ሳቅን ከልክሎ መጀመር አለበት።

ደረጃ 9፦ መሻሻልን መለካት

በየሦስት ወሩ በደረጃ 1 የተደረገው ቅጂና ጽሑፍ በዚያው ርዕስ ይደገማል። አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የቀነሰው ስህተትና የቀረው ስህተት በግልጽ ይታያሉ። የጠፋው ከዝርዝሩ ይሰረዛል፤ ቀጣዩ ይተካል። አነጋገሩ አማርኛ ተናጋሪ መሆኑን ቢያሳውቅ ነውር የለበትም፤ የሚፈለገው ሰሚው ሳይቸገር እንዲረዳው ነው። ስለዚህ ትርጉም የሚለውጡ ስህተቶች፣ ማለትም የግስ ጊዜ፣ የቃል መጨረሻ፣ አጭርና ረጅም አናባቢ፣ የጫና ቦታ፣ የአሉታዊ ጥያቄ መልስ፣ ከሁሉ ቅድሚያ ያገኛሉ።

አማርኛውን ጠንቅቆ የሚያውቅና ከእንግሊዝኛው ጋር እያነጻጸረ የሚያጠና ተማሪ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ዋና መሣሪያ ከቤቱ ይዞ መጥቷል። የቀረው በየቀኑ አርባ ደቂቃ ሳያጓድሉ መቀጠል ነው።